ኪርፑ ጥፋት የለባትም

አይሊ ዓይኗን ስትገልጥ ፊቷ በረዶ ውስጥ ተቀብሯል። ቀና ብላ መንገዱን አየች፤ ባዶ ነው። ስድስቱ ውሾችም የሉም፣ የበረዶ ጋሪውም የለም። ከፊቷ ያለው የጋሪው ብረት የተወው ሁለት ቀጭን መስመር ብቻ ነው፤ በጥዶቹ መሃል ቀጥ ብሎ ወርዶ ወደ አውራ ጎዳናው ይታጠፋል።

ወደ አውራ ጎዳናው! ልቧ ስንጥቅ አለ።

«ኪርፑ!» ብላ ጮኸች። መሪዋ ውሻ ናት ኪርፑ።  ከአንድ ቅርንጫፍ ላይ ትንሽ በረዶ ተራገፈ፤ ሌላ ድምፅ አልነበረም።

የምታስታውሰው የጋሪውን እጀታ ይዛ ከኋላ እንደቆመች ነው። ፀሐይዋ በበረዶው ላይ ታበራ ነበር፣ የውሾቹ እግር ኮቴ እንደ ዝናብ ጠብ ጠብ ይል ነበር። ዓይኔን አንዴ ብቻ ልክደን፣ አንዴ ብቻ፣ ብላ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን አታውቅም።

መሮጥ ጀመረች። ከሁለት ዓመት በፊት ይህን ቁልቁለት እየሳቀች ትወርደው ነበር። ዛሬ እግሯ የሌላ ሰው እግር ሆነባት፤ ሁለቴ ቆማ ጉልበቷን ይዛ መተንፈስ ነበረባት። ስትሮጥ በጆሮዋ የሚያቃጭለው የእናቷ ሕግ ነው። የውሻ ጋሪ ላይ የቆመ ሰው አንድ ሕግ አለው፦ ምንም ቢመጣ እጀታውን አይለቅም። ብትወድቂ እየተጎተትሽ ሂጂ እንጂ አትልቀቂ።

አውራ ጎዳናው ዳር ስትደርስ መጀመሪያ ያየችው የእንጨት ጫኝ መኪና ነው፤ መሃል መንገድ ላይ ቆሟል። ከመኪናው አፍንጫ አሥር እርምጃ በማይሞላ ቦታ ላይ ጋሪው ተገልብጧል። በጋሪው ላይ ደግሞ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰች ልጅ በሆዷ ተዘርግታ፣ በሁለት እጇ ጋሪ ማቆሚያውን ሜንጦ በረዶው ውስጥ ተክላ ይዛለች። የልብ ጓደኛዋ ኮሪን ናት። አይሊ ልምምድ በወጣች ቁጥር መሻገሪያው ላይ መኪና የምታስቆምላት እሷ ነች።

«አንቺ!» አለች ኮሪን አንገቷን ቀና አድርጋ። «ሞተሻል ብዬ ነበር እኮ! ባዶ ጋሪ ሲመጣ ሳይ ምን ላድርግ? ዘልዬ ወጣሁበት። ማርሽ የለው፣ ፍሬን የለው...»

«ፍሬንማ አለው።»

«አሁን ነው የምትነግሪኝ?»

ሾፌሩ ፊቱ አመድ መስሎ ከመኪናው ወርዶ ነበር። ሁሉም በሕይወት መኖራቸውን ሲያይ አንድ ነገር አጉተምትሞ ተመልሶ ወጣና ሄደ። ኪርፑ ግን ጋሪው ሲገለበጥ ከመንገዱ ምልክት ብረት ጋር ተላትማ ግራ ጆሮዋ ተሰንጥቋል። ደሙ በነጭ ደረቷ ላይ እየወረደ ጅራቷን ትወዘውዝ ነበር። አይሊ አጠገቧ ተንበረከከች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለች ኮሪን።

«ተኛሁ።»

«ምን?»

«ቆሜ ተኛሁ፣ ኮሪን።»

ኮሪን ልትስቅ ብላ አይሊን አየቻትና ተወችው።

«ለእናቴ እንዳትነግሪያት። ቅርንጫፍ መታኝ እላታለሁ። በእናትሽ፣ አንቺም እንደዛ በይልኝ። ውድድሩ አሥራ ስድስት ቀን ነው የቀረው።»

የአይሊ እናት ሄልሚ ራውቲዮ ትባላለች። ቁመቷ አጭር፣ ወሬዋም አጭር ነው። በዚያ በሐይቁ ዳር አገር ውሻ የሚያረባ ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ የሚያውቃት ግን ባሸነፈችው ሳይሆን ትታ በወጣችው ውድድር ነው። ያኔ አይሊ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። እናቷ ሁሉንም ቀድማ፣ የቀራት አሥራ ሁለት ማይል ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ጋሪዋን አቆመችና «ወጥቻለሁ» አለች። «አንዱ ውሻ በረዶ ሲልስ አላማረኝም» ነበር ያለችው። ሰው ሳቀባት፤ ሄልሚ ፈራች ተባለ። በማግስቱ የእንስሳት ሐኪሙ የውሻውን ሳንባ አዳምጦ ሌላ አንድ ሰዓት ሮጦ ቢሆን ይሞት ነበር አለ። ሄልሚ ያንን ለማንም አልተናገረችም፤ ያወራው ሐኪሙ ነው። አይሊ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስታድግ ማንን መሆን እንደምትፈልግ ታውቃለች።

ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለቱና አሥራ አንድ ውሾች ናቸው። ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ በገመድ የተንጠለጠለ ደብተር አለ፤ ሄልሚ በየቀኑ ስለ እያንዳንዱ ውሻ ትጽፍበታለች። ምን ያህል በላ፣ እንዴት ተኛ፣ የቱን እግሩን አነከሰ፣ ሴቶቹ ደግሞ ደም ያዩበት ቀን። እራት ላይ «ቱሊ ነገ ተነገ ወዲያ ደም ታያለች፤ ከወንዶቹ ለይያት» ማለት «ጨው አቀብዪኝ» እንደማለት ነው። የአይሊ የወር አበባ በአሥራ ሦስት ዓመቷ ሲመጣ ግን ሄልሚ መታጠቢያ ቤቱ ቁም ሳጥን ውስጥ አንድ እሽግ ሞዴስ አስቀመጠች፤ ወሬው በዚያው ተዘጋ።

ስለዚህ አይሊ ከመስከረም ጀምሮ የሆነችውን ለማን ትንገር? አልጀብራ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ተኝታ ትገኛለች። ሁለት ካልሲ ደርባ ብርድ ልብስ ውስጥ ብትገባም እግሯ አይሞቅም። ስትታጠብ ፀጉሯ እፍኝ እፍኝ ይነቀላል። የወር አበባዋ መስከረም ላይ መጣ፤ ከዚያ ጠፍቶ ጠፍቶ ታኅሣሥ ላይ ሲመለስ አሥራ አራት ቀን ሙሉ እንደ ቧንቧ ፈሰሰ። ከዚያ እንደገና ድራሹ ጠፋ። ኢንተርኔቱን ብትጠይቀው በአሥር ደቂቃ ውስጥ እርጉዝም፣ ካንሰር የያዛትም፣ ሰነፍም አደረጋት። ከሦስቱ የመጀመሪያው እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ከውሾች በቀር አጠገቧ የደረሰ ፍጥረት የለም። ሦስተኛውን ግን አመነችው። የውድድሩ ፎርም «ባለፉት ሦስት ወራት ከባድ ድካም ወይም ራስን መሳት አጋጥሞሻል?» ብሎ ሲጠይቃት «አላጋጠመኝም» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች።

ያን ቀን ከአውራ ጎዳናው ተመልሰው ጓሮ ሲደርሱ ሄልሚ የኪርፑን ጆሮ በለብታ ውሃ እያጠበች ጠየቀች።

«ቅርንጫፍ?»

«አዎ፣ እማ። ግንባሬን መታኝ።»

«እኔም ከሩቅ አይቻለሁ» አለች ኮሪን ጫማዋን እያየች።

«ስትወድቂ ‹ቁሚ› አልሻት?»

አይሊ አሰበች፦ አላልኩም ካለች ለምን ተብላ ልትጠየቅ ነው።

«አዎ... ጮኼባታለሁ።»

«ሰምታሽ ሄደች?»

«አዎ።»

ሄልሚ እጇ ቆመ። ኪርፑን አገጯን ይዛ ረጅም ጊዜ ዓይኗን አየቻት። ከዚያ ማጠቧን ቀጠለች።

በማግስቱ ጠዋት ውሳኔው ተነገረ። ሄልሚ አልተቆጣችም፤ ያ ነው የባሰው። «ትእዛዝ ሰምታ ወደ መኪና መንገድ የምትሮጥ መሪ አላስቀምጥም» አለች ገንፎዋን እያማሰለች። «ሰባት ዓመት አገልግላኛለች፤ ውለታዋን አልክድም። ግን ልጄን ታስገድልብኛለች። ታች መንደር ያሉት ሽማግሌዎች፣ ባልና ሚስቱ፣ ቤት የምትውል ውሻ ይፈልጋሉ። ቅዳሜ መጥተው ይወስዷታል።»

አይሊ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ኪርፑ ጋሪ ባየች ቁጥር በደስታ የምትዘፍን ውሻ ናት። ምንጣፍ ላይ ተኝታ መስኮት ስታይ ልትውል!

ትምህርት ቤት ምሳ ሰዓት ላይ ኮሪን ሥጋና ድንች የተሞላውን ፓስቲዋን ለሁለት ገምሳ ግማሹን ገፋችላት። አይሊ አልነካችውም። ስለ ኪርፑ ስትነግራት ኮሪን ማኘኳን አቆመች።

«ስሚ» አለች። «አንዴ ዋሽቼልሻለሁ። ሁለተኛ የለም። እናትሽ እኮ ስታይሽ ራጅ ነው የምታነሳሽ።»

«ደግሞ አታካብጂ።»

«እኔ ነኝ የማካብደው? ከጋሪ ላይ ተኝተሽ ወድቀሻል! ያ መኪና ፍሬን ባይዝ ኖሮ ስድስት ውሻና አንዲት ቆንጆ ልጅ፣ ማለትም እኔ፣ ዛሬ የለንም።» ድምፅዋን ቀነስ አደረገች። «ደክሞኛል ማለት ምን ነውር አለው?»

«እማ ታስወጣኛላ። የታመመ ውሻ እንደምታስወጣው።»

«እና?»

አይሊ ግማሹን ፓስቲ መልሳ ገፋችላት። ከእናቷ የምታደንቀው ያንኑ አልነበር እንዴ? ደወሉ ተደወለ።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሄልሚ ጓሮ ውስጥ የኪርፑን ሳህንና ማሰሪያ ካርቶን ውስጥ ስትከት አገኘቻት። ማሰሪያውን አጣጥፋ፣ መልሳ ዘርግታ፣ እንደገና ታጣጥፈዋለች። ኪርፑ ጆሮዋ በፋሻ ታስሮ አጠገቧ ተቀምጣ ጨዋታ መስሏት ትጠብቃለች። አይሊ የእናቷ እጅ እንዲህ ሲያመነታ አይታ አታውቅም።

«ኪርፑ አልሰማችም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«‹ቁሚ› ሲባል ሰምታ አይደለም የሄደችው። አልጮህኩም። ቅርንጫፍ የሚባልም የለም። ተኝቼ ነው የወደቅኩት። ኮሪንን ዋሺልኝ ያልኳት እኔ ነኝ።»

ሄልሚ ማሰሪያውን እንደያዘች ቆመች። አይሊ ቁጣውን ጠበቀች፤ ቁጣው ቢመጣ ይቀላት ነበር። እናቷ ግን ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠችና በእጇ ሌላ ባልዲ አሳየቻት።

«ተቀመጪ። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«ድካሙ ነዋ።»

«ከመስከረም።»

«ትበያለሽ?»

«እበላለሁ። እንዲያውም ሱሪዬ ጠቦኛል።»

«ትተኛለሽ?»

«አሥር ሰዓት ሙሉ ተኝቼ እንዳልተኛ ሰው ነው የምነሳው።»

«ይበርድሻል። አይቻለሁ፤ በእሳት ዳር ኮት ለብሰሽ ትቀመጫለሽ። ልጅነት ነው ብዬ አለፍኩት።» ሄልሚ ጉሮሮዋን ጠረገች። «የወር አበባሽስ?»

ይህ ቃል በዚያ ቤት ተነግሮ አያውቅም። አይሊ ጆሮዋ ድረስ ቀላች፤ ግን ሁሉንም ነገረቻት፦ የጠፋበትን ወራት፣ የአሥራ አራቱን ቀን፣ ሌሊት የቀየረችውን አንሶላ ደብቃ ማጠቧን።

ሄልሚ ከኪሷ እርሳስ አወጣች። ያን ደብተር ልታመጣ ወደ ቤት ተመለከተችና እርሳሱን መልሳ ኪሷ ከተተችው።

«አይ» አለች፣ «አንቺማ ውሻ አይደለሽም።» ሁለቱም ሳይፈልጉ ሳቁ። ከዚያ የሄልሚ ፊት ተለወጠ። «አሥራ አንድ ውሻ አለኝ። የአምስቱን ሴቶች ቀን አንድ በአንድ በቃሌ አውቀዋለሁ...» አልጨረሰችውም። እጇን ዘርግታ የአይሊን ኮፍያ ወደ ጆሮዋ ዝቅ አደረገችላት።

«ስለ ውሸቱ እንነጋገርበታለን። ዛሬ አይደለም እንጂ አይቀርልሽም። ከኮሪን እናትም ጋር እነጋገራለሁ።» ተነሳች። «አሁን ለሽማግሌዎቹ ልደውል። ኪርፑ የትም አትሄድም።»

ሰኞ ዕለት ክሊኒክ ሄዱ። ሲስተር ላህቲ ግማሹን ከተማ ያዋለደች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ትልቅ ሴት ናት። መጀመሪያ ሄልሚን «አንዴ ውጭ ጠብቂን» አለቻት።

«ለሁሉም ልጅ የምጠይቀውን ነው የምጠይቅሽ፤ አንቺን ጠርጥሬ አይደለም» አለች። «የእርግዝና ምርመራም አደርግልሻለሁ። አይከፋሽም?»

«አይከፋኝም። ግን ሲስተር፣ ጊዜዎን ነው የሚያባክኑት።»

«ደስ ይለኛል፤ ባክኖ ይቅር።»

የጠየቀችው ብዙ ነው። ምግብ ትዘልያለሽ? ስንት ሰዓት ትለማመጃለሽ? ፊትሽ ላይ ፀጉር በዛ? ጭንቀት አለብሽ? መድኃኒት ትወስጃለሽ? አይሊ ከመልሶቿ ይልቅ የገረማት ሴትየዋ አንዱንም መልስ ስትሰማ ቅንድቧን አለማንሳቷ ነው። ሄልሚ ተጠርታ ስትገባ ሲስተር ላህቲ ወንበሯን አዞረች።

«ተሳስቼ አንዱን ብቻ እንዳልገምት ነው ይህን ሁሉ የምጠይቀው» አለች። «በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የወር አበባ ቀኑን ቢስት የተለመደ ነው። ሦስት ወር ሲጠፋ ወይም ከሳምንት በላይ ሲፈስ ግን ማየት አለብን። ብዙ ደም ከፈሰሰ ደም ማነስ ይመጣል፤ እሱ ያደክማል። ብዙ እየሠሩ ትንሽ የሚበሉ ልጆች ሰውነታቸው ለመቆጠብ ሲል የወር አበባውን ይዘጋዋል። እንቁላል የሚያመነጩት ዕጢዎች ሆርሞናቸው ሲዛባም ይሆናል። ጭንቀትም ያመጣዋል። አንገት ላይ ያለው ታይሮይድ የሚባለው ዕጢ ሲሰንፍ ደግሞ ሰውየውም ይሰንፋል፤ ይበርደዋል፣ ፀጉሩ ይረግፋል። የቱ እንደሆነ ደሟ ይነግረናል። በቤተሰብ እንዲህ የሚበርደው ሰው አለ?»

ሄልሚ ወለሉን አየች።

«እናቴ» አለች በመጨረሻ። «በሐምሌ ሙቀት የሱፍ ሹራብ ትለብስ ነበር። ቁጭ ባለችበት ታንቀላፋለች። የአባቴ ወገን ሁሉ ሰነፏ ነበር የሚሏት። እኛም ልጆቿ ሳይቀር እንስቅባት ነበር።»

«ተመርምራ ታውቃለች?»

«ማን ይመረምራታል? አምስት ልጅ አሳድጋ፣ ስምንት ላም ስታልብ ኖራ ነው የሞተችው።»

 አይሊ አያቷን የምታውቃት በአንድ ፎቶግራፍ ነው፤ በበጋ ፀሐይ ሹራብ ለብሳ፣ በሁለት እጇ የወተት ባልዲ ይዛ የቆመች ሴት። እኔ ስድስት ውሻ ማስሮጥ አቅቶኝ ወደቅኩ፣ አለች በልቧ። እሷ ይህን ድካም ተሸክማ ስምንት ላም፣ ያውም በየቀኑ! መርፌው ክንዷ ላይ ሲገባ አልተሰማትም።

ውጤቱ ሐሙስ መጣ። የታይሮይድ ዕጢዋ ተዳክሟል፤ በዚያ ላይ ደሟ ውስጥ ያለው ብረት አንሷል። ለዕጢው በየቀኑ ጠዋት በባዶ ሆድ የምትውጠው ትንሽ ክኒን ታዘዘላት፤ ለብረቱ ሌላ፣ እሱ ግን ከመጀመሪያው አራት ሰዓት ዘግይቶ ነው የሚወሰደው።

«ነገ ተነስተሽ ትበሪያለሽ ብዬ አልዋሽሽም» አለች ሲስተር ላህቲ በስልክ። «ቀስ እያለ ነው፤ ሳምንታት ይፈጃል። ከስድስት ሳምንት በኋላ ደምሽን እንደገና አያለሁ። የወር አበባሽም መስመሩን ይይዛል ብዬ እጠብቃለሁ፤ ካልያዘ ሌላውን እንፈልጋለን።»

«ውድድሩስ? ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው።»

«እኔን ከጠየቅሽኝ አትሂጂ ነው የምልሽ። ዓይንሽ መቼ እንደሚከደን አንቺም አታውቂም።»

አይሊ ስልኩን ዘግታ እናቷን አየች። ሄልሚ ሁሉንም ሰምታለች፤ ቦቲዋን እያሰረች ነበር።

«አስወጪኛ» አለች አይሊ።  «ለውድድሩ ሰዎች ደውለሽ አስወጪኝ። ውሾቹን ታስወጪ የለ?»

ሄልሚ ማሰሯን ጨርሳ ቀና አለች።

«ጋሪ ላይ ወጥተሽ እንድትተኚ አልፈቅድልሽም፤ እሱን እወቂ። ግን ውሾቹን እኔ የማስወጣቸው ራሳቸው መናገር ስለማይችሉ ነው።» ኮቷን ደረበች። «አንቺ ትችያለሽ።»

በሩን ዘግታ ወጣች።

አይሊ ብቻዋን ቀረች። ፎርሟ ላይ የውድድሩ አዘጋጅ ስልክ አለ። ቁጥሩን እስክትጨርስ ሁለቴ ተሳሳተች። ያነሳው ድምፁ ሻካራ የሆነ ሽማግሌ ነው።

«አይሊ ራውቲዮ ነኝ። ለታዳጊዎቹ ውድድር ተመዝግቤ ነበር። ስሜን ይሰርዙልኝ።»

«የሄልሚ ልጅ? ምነው ልጄ፣ ውሻ ታመመብሽ እንዴ?»

ምላሷ ላይ «አዎ» የሚለው ቃል ተዘጋጅቶ ነበር። አዎ ብትል ሽማግሌው «እግዜር ይማረው» ብሎ ይዘጋል፣ ማንም ምንም አይጠይቅም።

«ውሾቹ ደህና ናቸው» አለች። «ያመመኝ እኔ ነኝ። አራት ወር ሆኖኛል። ፎርሙ ላይ ደህና ነኝ ብዬ የጻፍኩት ልክ አልነበረም።»

ከዚያኛው ጫፍ ወረቀት ሲገላበጥ ተሰማ። ሽማግሌው አንዴ አሳለ።

«ገባኝ» አለ። «በእናትሽ እጅ ነው ያደግሽው ማለት ነው። ለሚቀጥለው ዓመት ቦታ እይዝልሻለሁ፤ አንቺ ብቻ ይሻልሽ።»

ስልኩን አስቀመጠች። ውጭ የሄልሚ ባልዲ ሲጋጭ አሥራ አንዱም ውሾች ባንድ ድምፅ መጮህ ጀመሩ፤ የምግባቸው ሰዓት ደርሷል። አይሊ ከልማዷ ተነስታ ቦቲዋን አነሳች። በሩ ድረስ ሄዳ በመስኮቱ እናቷን አየቻት፤ በሁለት እጇ ባልዲ ይዛ፣ በረዶውን እየረገጠች፣ ለእያንዳንዱ ውሻ ስሙን እየጠራች ትሰጣለች።

አይሊ ቦቲዋን በሩ አጠገብ መልሳ አስቀመጠችው። ሶፋው ላይ ሄዳ ተጋደመችና ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበችው።